ፈረሱ የት ደረሰ?

በእኛ አገር የፈረስ ግልቢያ ሲኖር ማይክሮፎን የሚይዘው ሰው የሚመረጠው በድምፁ ነው። ጉሮሮው ወፍራም የሆነ፣ ፉከራና ሽለላ የሚያውቅ፣ ሕዝብ ማሟሟቅ የሚችል ሰው ከተገኘ ሌላ ጥያቄ አይነሳም። ጎንደር ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አጥታ አታውቅም። በአንድ የጥምቀት ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ ሜዳ አንዱን ሰማሁት። ፈረሶቹ ከተነሱ ጀምሮ እስኪገቡ ድረስ ስለ አንዱ ፈረሰኛ አያት ጀግንነት፣ ስለ ወገራ ደጋ፣ ስለ ቀደሙት ነገሥታት ሲያወርድ ቆየ። አነጋገሩ ያማረ ነበር፤ ሕዝቡም አጨበጨበለት። ከጎኔ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው የጋላቢውን አያት ነገረኝ፤ ፈረሱ የት ደረሰ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ዙር ጆሯቸው ሥር ሆኜ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደተከተለ እየተከታተልኩ ነገርኳቸው። ዝግጅቱን የሚያስተባብሩት ሰዎች በዓመቱ ተናጋሪ ሲፈልጉ ስሜን የሰጧቸው እሳቸው ናቸው።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ድምፄ ለመማሪያ ክፍል እንጂ ለሜዳ የሚበቃ አይደለም። ስለዚህ የጀመርኩት በማዳመጥ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የስፖርት ሬዲዮ ሲባል መጀመሪያ የሚያስታውሰው ደምሴ ዳምጤን ነው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ ጨዋታውን ያየነው በእርሱ አንደበት ነበር። ነገር ግን የእግር ኳስ ተናጋሪ ዘጠና ደቂቃ አለው፤ ቢዘገይ ይደርሳል፤ ኳሷ ወደ ውጭ ስትወጣም ትንፋሹን ይሰበስባል። የፈረስ ተናጋሪ ይህ ሁሉ የለውም።

ሙያው ሥር ወደ ሰደደበት አገር ጆሮዬን መለስኩ። የቢቢሲው ሰው ፒተር ኦሱሊቫን እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የፈረስ እሽቅድምድም ሲያስተላልፍ የኖረ ነው። መሰናክል እየተዘለለ የሚሮጥበትን የእንግሊዝ ትልቅ ውድድር፣ የ1973ቱን ግራንድ ናሽናል ቅጂ ደጋግሜ ሰማሁት። ክሪስፕ የሚባለው ፈረስ ሌሎቹን ርቆ ይመራል፤ ሬድ ረም ከኋላ ቀስ በቀስ እየጎተተ ይመጣና መስመሩ ሊደርስ ሲል በአንድ ፈረስ ርዝመት እንኳ በማይሞላ ልዩነት ይቀድመዋል። ኦሱሊቫን ድምፁን የሚያፈጥነው ልዩነቱ በጠበበ መጠን ነው። ከፈረሶቹ አስቀድሞ አይሞቅም። ቅጂውን ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው እንኳ በሁለቱ መካከል ስንት ርቀት እንደቀረ ከአተነፋፈሱ እገምት ነበር።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የ1967ቱ ነው። ቀደም ብሎ ጋላቢውን የጣለ ፈረስ ሃያ ሦስተኛው መሰናክል ላይ አጥር ለአጥር ሲሮጥ ሁሉንም አተራመሳቸው፤ ፈረስ በፈረስ ላይ ተደራረበ። ከኋላ ቀርቶ የነበረው፣ ማንም ከቁጥር ያላስገባው ፎይናቮን ክፍተት አግኝቶ ዘለለና ብቻውን ሄደ። አየርላንዳዊው ማይክል ኦሂሂር በዚያ ትርምስ መካከል ስሙን አንሥቶ ጠራው። በአንጻሩ በ2009 በአሜሪካው ኬንታኪ ደርቢ ማይን ዛት በርድ የተባለ ፈረስ ከመጨረሻ ተነሥቶ በውስጥ በኩል አጥሩን ታክኮ ሲያልፍ፣ ቶም ደርኪንን የመሰለ አንጋፋ ተናጋሪ ስሙን የጠራው ፈረሱ ተገንጥሎ ከወጣ በኋላ ነው። ከሁለቱ የወሰድኩት ይህን ነው፦ ፊተኛውን ማንም ያውቀዋል፤ የተናጋሪ ዝግጅት የሚለካው መጨረሻ ላይ ያለውን ፈረስ በማወቁ ነው።

ከዚያ ወደ ሂሳቤ ገባሁ። ለእሽቅድምድም የተዳቀለ ፈረስ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በሰከንድ ወደ አሥራ ሰባት ሜትር መሆኑ ነው። የእኛ ፈረሶች ደጋ ያሳደጋቸው፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ናቸውና ያን ያህል አይፈጥኑም። ነገር ግን ሜዳችንም አጭር ነው፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ቃል ሳልውጥ በደቂቃ መቶ ሃያ ቃል ያህል እናገራለሁ። ስለዚህ ለአንድ ዙር ያለኝ በጀት ከመቶ ቃል በታች ነው። በመቶ ቃል ውስጥ የማንም አያት አይገባም።

በጀቱ ከታወቀ በኋላ የመጣው ችግር የራሳችን ሰዋስው ነበር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ከጯሂት የመጣው፣ አምና በዚሁ ሜዳ ሦስተኛ የወጣው ዳማ ፈረስ በቀኝ በኩል ዞሮ ቦራውን…» ብዬ «አለፈው» እስክል ድረስ ቦራው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ፈረስ፣ ተመልሶ ቀድሟል። ሰሚው ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ እስኪሆን ይጠብቃል፤ ፈረሱ አይጠብቅም። ቤት ውስጥ ቅጂዎቹን ድምፃቸውን አጥፍቼ በአማርኛ ስናገርባቸው ሁልጊዜ አንድ ግሥ ያህል ወደ ኋላ እቀር ነበር። መፍትሔው ግሡን መጣል ሆነ። «ቦራው ፊት። መብረቅ በአንድ ፈረስ ሁለተኛ። በውጭ በኩል ዳማው።» ግሡ የሚመጣው ነገር ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ፊት ይወጣል፦ «አለፈ! ዳማው አለፈ!» የሰዋስው ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ። ሜዳ ላይ ያለ ሕዝብ ግን እርስ በርሱ የሚጮኸው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ እኔ የጨመርኩት ነገር የለም።

ፈረስ መለየቱ ከንግግሩ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። በውጭ አገር እያንዳንዱ ባለፈረስ የተመዘገበ የልብስ ቀለም አለው፤ ተናጋሪዎቹም ከውድድሩ በፊት ቀለሞቹን በወረቀት ላይ እየቀቡ በቃላቸው ይይዛሉ። በእኛ ሜዳ ፈረሰኛው ሁሉ ነጭ ለባሽ ነው፤ የተለየ ነገር ካሰረም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፤ እሱንም ሁሉም አስሮታል። ስለዚህ ሰውየውን ትቼ ፈረሱን መያዝ ነበረብኝ። በዋዜማው ፈረሶቹ ወደታሰሩበት ደብተር ይዤ ሄድኩና አንድ በአንድ መጻፍ ጀመርኩ፦ ቀለሙ ዳማ፣ አምባላይ፣ ቡላ፣ ጉራቻ፤ ጀርባው ላይ የሚለብሰው ግላስ ምን ዓይነት፤ የትኛው እግሩ ነጭ፤ አንገቱ ላይ ያለው ጌጥ ምን። ቦራ ብቻ ብሎ መጻፍ አያዋጣም፤ ቦራ ብዙ ነው። የአንዱ ነጭ ግንባሩ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይቀራል፤ የሌላው እስከ አፍንጫው ይወርዳል፤ የሦስተኛው ወደ ግራ ዓይኑ ያዘነብላል። ከአቧራ ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ ይኸው ግንባር ነው።

ከደንቢያ የመጡ አንድ አባት ግላሱን ስዳስስ አይተው፣ «አንተ ሰው፣ ግብር ልትጥልብን ነው የምትጽፈው?» አሉኝ። «የለም አባቴ፣ ነገ ፈረስዎን በስሙ ልጠራው ነው» ስላቸው የፈረሳቸውን ብቻ ሳይሆን የእናቱንና የአያቱንም ስም ነገሩኝ፤ ልጓሙንም አውልቀው ጥርሱን አሳዩኝ። ፈረስን በስሙ መጥራት እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ከፋሲል መዋኛ አጥር ወጣ ሲሉ ያለው ጉልላታም ትንሽ ሕንፃም የዞብል መቃብር ይባላል፤ ዞብል ፈረስ ነው። ለፈረሱ መቃብር የሠራ ከተማ ሲሮጥ ስሙን የሚጠራለት ሰው ቢያጣ ይገርማል። ያስቸገረኝ መብረቅ የሚባሉ ፈረሶች ሁለት መሆናቸው ነበር፤ «የዳባቱ» እና «የጯሂቱ» ብዬ ለየኋቸው።

ጥር ደረቅ ወር ነው። ከፊት ያሉት ፈረሶች አቧራውን ሲያስነሱት ከመሬት ሆኖ የሚያይ ሰው ከሁለተኛው በኋላ ያለውን አያገኝም። የጭነት መኪና ላይ መውጣት ግድ ነው። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርም ያስፈልጋል፤ እኔ የተዋስኩት ከአንድ የስሜን ተራሮች አስጎብኚ ነው። ግን በመነጽር የሚያዩት ሦስት አራት ፈረስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪዬን ከጎኔ አቁሜ ያለ መነጽር ሜዳውን በሙሉ እንዲያይና የሚነሣ ፈረስ ሲያይ ክንዴን እንዲነካ አደረግኩ።

ስለ ሞንታርቦውም ላንሣ፤ ይህን የሚያስብበት ሰው ጥቂት ነው። ድምፅ በሰከንድ የሚሄደው ሦስት መቶ አርባ ሜትር ገደማ ነው። ሞንታርቦው ከሜዳው ማዶ አራት መቶ ሜትር ርቆ ከተተከለ የራሴ ቃል ከአንድ ሰከንድ በኋላ ወደ እኔው ይመለሳል፤ ምላስም ይተሳሰራል። ከእኔ ራቅ ያሉትን አስነሥተን ሁሉንም ሕዝቡ ባለበት ወገን፣ ፊታቸውን ከእኔ አዙረን ተከልናቸው። የቀረውን በአንድ ጆሮዬ ጥጥ ወትፌ ቻልኩት። ሌላው ደግሞ መነሻው ነው። ጩኸት የማያውቅ የገጠር ፈረስ ሞንታርቦ ሲሰማ ይደነብራል። ፈረሰኞቹ ይህን ስለነገሩኝ እስኪነሱ ድረስ ቃል አልተናገርኩም። ሕዝቡ ማይክሮፎኑ የተበላሸ መስሎት ማጉረምረም ጀምሮ ነበር።

በመጨረሻው ዙር ከሚጋልቡት አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ይህን የሚያውቁ ሰዎች መኪናው ሥር ቆመው ምን እንደምል ይጠብቃሉ። የረዳኝ ያው ኦሱሊቫን ነው፤ በ1974 ቼልትናም ላይ ያሸነፈው አቲቮ የራሱ ፈረስ ነበር። ባለቤቱን ሲጠራ የራሱን ስም የሌላ ሰው ስም ይመስል ነው የተናገረው። እኔም የአክስቴን ልጅ ፈረስ ስም የጠራሁት በደረሰበት ቦታ ልክ ነው፤ ሦስተኛ ሲሆን ሦስተኛ፣ አራተኛ ሲሆን አራተኛ። አክስቴ ለሳምንት ያህል አኩርፋኛለች።

በዚያ ዙር የዳባቱ መብረቅና አንድ አምባላይ አንገት ለአንገት ገቡ። እኔ ያለሁት ከመስመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ ሲያዩት ቅርብ ያለው ፈረስ ሁልጊዜ የቀደመ ይመስላል። የመድረሻ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ የለንም። «አብረው ገቡ፤ ዳኞቹን እንጠብቅ» አልኩ። «አንተ አላየህም እንዴ? አምባላዩ ነው!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው መጣ። ዳኞቹ መስመሩ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ተነጋግረው መብረቅ አሉ። እኔ ሕዝቡን ተከትዬ አምባላይ ብል ኖሮ ከሁለቱ ወገን የሚነሣውን ጠብ ማን ይገላግለው ነበር? በሞንታርቦ የተነገረ ስም ተመልሶ አይዋጥም።

ፉከራው ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። ፉከራ የሌለበት የጎንደር ሜዳ ምን ሜዳ ነው? ቦታው ግን በዙሮች መካከል ነው። በመጀመሪያ ያማሁትን ያንን ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ ቤቱ ሄጄ አነጋገርኩት። «ጋሼ፣ ፈረሶቹ ከመነሳታቸው በፊትና ከገቡ በኋላ እርስዎ፤ በመካከል ያለችው አንዷ ደቂቃ ለእኔ» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «መምህር፣ አንዷን ደቂቃ ውሰዳት፤ እኔም በዚያች መሀል ውኃ እጠጣለሁ» አለኝ። አሁን እንዲህ ነው የምንሠራው። የዳባቱ መብረቅ ሲያሸንፍ እርሱ ያወረደውን ሽለላ እኔ በሕይወቴ አልችለውም፤ ፈረሰኛው ከኮርቻው ሳይወርድ እንባው መጣ።

ለዘንድሮ አስተባባሪዎቹን የጠየቅኳቸው ለእያንዳንዱ ፈረሰኛ ቁጥር የተጻፈበት የደረት ጨርቅ እንዲሰጥልኝ ነበር። እነርሱ ተስማሙ። ባለፈረሶቹ ግን «ፈረሴ ስም አለው፤ ቁጥር ምን ያደርግለታል?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ በዋዜማው እንደ ወትሮው ደብተሬን ይዤ እዞራለሁ።