2147483647ን በእጃችን ያካፈልንባቸው ማታዎች

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የእህቴ ልጅ ፕሮግራሚንግ ትማራለች። አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ። 2147483647 ይላል። 2ን 31 ጊዜ አባዝተን 1 ስንቀንስ የሚመጣው ነው። አሉታዊ ቁጥርንም በሚይዝ የ32 ቢት (ማለትም የ32 ዜሮ ወይም አንድ) ቦታ ውስጥ ኮምፒውተር ከዚህ በላይ መቁጠር አይችልም።

«በእጃችን እናረጋግጠው» አልኳት።

ብቸኛ (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል) ካልሆነ ከ46340 የማይበልጥ አካፋይ አለው፤ ዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው) እዚያው ጋ ስለሆነ ሁለት ተባዢዎች ሁለቱም ከዚያ ሊበልጡ አይችሉም። ከ3 ጀምሬ በጎዶሎ ቁጥሮች ማካፈል ያዝኩ። ያለኝ ካልኩሌተር 8 አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ በስልክ ሠራሁ። ያለፍኩትን ቁጥር ራይት ብቻ አደርግ ነበር። በሁለተኛው ማታ መብራት ሄደ፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። በማግስቱ የቱ ጋ እንደቆምኩ ጠፋኝ። ውጤቱንና ቀሪውን ብጽፍ ኖሮ ያንን ሁሉ አልደግመውም ነበር። ደግሞም ገና ከ23 ሺህ በላይ ቁጥር ነበረብኝ።

ያኔ ቆም ብዬ አሰብኩ። አካፋይ ቢኖረው ምን ዓይነት ቁጥር ሊሆን ይችላል? በትንሽ ምሳሌ ሞከርነው። 2 አሥራ አንድ ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ 2047 ነው፤ እሱም 23 በ89 ነው። 2ን ደጋግመን እያባዛን ለ23 ስናካፍል ቀሪዎቹ እነዚህ ናቸው፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ 1። በ11ኛው እርምጃ ወደ 1 ተመለሰ! የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ደግሞ ከ23 አንድ ባነሰው፣ በ22ኛውም እርምጃ 1 እንደሚመጣ ገልጿል። ስለዚህ 11 ለ22 አካፋይ መሆን አለበት። 89ም እንዲሁ ነው፤ 1 ሲቀነስለት 88 ነው።

ለእኛ ቁጥር ዙሩ 31 እርምጃ ነው። ከማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ላይ 1 ስንቀንስ ለ31 መካፈል አለበት፤ ተጋማሽም ስለሆነ ለ62። በዚህ ብቻ 747 ቁጥር ቀረን። ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 የሚተርፈው ብቻ ይሆናል የሚለውን ስንጨምር 373 ሆኑ። የዚህኛው ማረጋገጫ ረዘም ስለሚል አልገባበትም። በ3፣ በ5 እና በ7 የሚካፈሉትን ስናወጣ ሁለት መቶ እንኳን አልሞሉም። የሒሳብ ሊቁ ኦይለርም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1772 ይህንኑ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ያሳወቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ያውም ዓይኑ ማየት ከሞላ ጎደል ካቆመ በኋላ። ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል።

እሷ ታካፍላለች፣ እኔ መልሼ አባዝቼ አጣራለሁ። የመጀመሪያው 311 ነበር፦ 6905092 ደርሶ ቀሪ 35። አንድ ማታ ቀሪው ዜሮ መጣና ሁለታችንም ደነገጥን። ሳጣራው አንድ 4 ተዘሏል። ከዚያ ወዲህ ሳይጣራ የተጻፈ መስመር የለም።

በአምስተኛው ማታ የመጨረሻው ላይ ደረስን፦ 46129። ውጤት 46553፣ ቀሪ 40310። አባዝቼ ደመርኩት፣ ልክ ነው። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ከሥሩ «ብቸኛ» ብላ ጻፈች።