ጠዋት ጠዋት ኳኳ የምትል መኪና

የዛሬ ቀኔን የወሰደችው ቱርቦ ያላት ባለ 1.4 ሊትር ትንሽ መኪና ናት። ባለቤቷ "ጠዋት ሳስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ኳኳ ትላለች፣ ከዚያ ዝም" አለኝ። ሌላ ቦታ "ችግር የለውም፣ ንዳት" ብለው ሸኝተውታል። እንዲህ ያለ መልስ በጣም ያናድደኛል።

ሞተሩ ውስጥ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር የሚያገናኝ ካቴና አለ። ቴንሽነሩ፣ ማለትም መወጠሪያው፣ ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው። መኪናዋ ቆማ ስታድር ዘይቱ ይወርዳል። ጠዋት ግፊቱ እስኪሞላ ድረስ የላላው ካቴና ሽፋኑን ይመታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማዳመጥ ዋጋ የለውም፤ መኪናዋ ጋራዥ እንድታድር ያደረግኩት ለዚህ ነው። ጠዋት ድምፁ ካቴናው ካለበት በኩል ጥርት ብሎ መጣ። መመርመሪያ ማሽኑም ፒ0016 የሚል የስህተት ኮድ አወጣ፤ ክራንክሻፍቱና ካምሻፍቱ አልተናበቡም ማለት ነው። ኮዱ ብቻውን ግን ካቴና አያስቀይርም። ሴንሰርም ሊያመጣው ይችላል።

ስንከፍተው የቴንሽነሩ ዘንግ እስከ መጨረሻው ወጥቷል፤ ካቴናው ረዝሟል ማለት ነው። ካቴናው የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ መሪ ላይ ቦይ ቆፍሯል። ጣቴን ሳስገባበት ጥፍሬ ተቀበረ! ካቴናው፣ ቴንሽነሩ፣ መሪዎቹና ካቴናው የሚዞርባቸው ባለጥርስ ጎማዎች አብረው ተቀየሩ። ካምሻፍቶቹን በመቆለፊያቸው አስረን ገጠምን፤ መቆለፊያውን ፈትተን ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዞርንና ታይሚንጉን፣ ማለትም የዘንጎቹን መናበብ፣ እንደገና አየን። እዚህ ላይ ማንም እንዲያቻኩለኝ አልፈልግም። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ባለቤቱን ሁለት ነገር ለመንኩት። ቱርቦ ዘይትን በሙቀት ቶሎ ስለሚያበላሸው ትክክለኛውን ዓይነት በጊዜው ቀይር፣ የዘይቱን መጠን (ሊቬሎውን)ም እይ። ዳገት ላይ ደግሞ በማርሽ ብቻ አታቁማት፤ መኪናዋ ሞተሩን ወደ ኋላ ገፍታ ካቴናውን ጥርስ ልታዘልለው ትችላለች፤ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ወንድሜ።