በአይጥ አፍንጫ ውስጥ ያሉ ብቸኛ ኬሚካል ጠቋሚ ሴሎችን ማቅለም፦ ቀለሙ ሳይወጣ ሲቀር መጀመሪያ የት ይታያል?

እነዚህ ሴሎች እንደ ምላስ የቅምሻ ሴሎች ተሰባስበው አይገኙም። በመተንፈሻ ሽፋኑ መሃል አንዱ እዚህ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ተበትነው ይኖራሉ። መራራ ነገር ወይም አንዳንድ የባክቴሪያ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች ሲነኳቸው አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ለቀው የትራይጀሚናል ነርቭን (የፊት ስሜት ነርቭን) ጫፍ ይቀሰቅሳሉ። ቀለሙ ሳይወጣ ሲቀር ብዙ ሰው አንቲቦዲ (የሚፈለገውን ፕሮቲን ይዞ ሴሉን የሚያሳየውን ማቅለሚያ) ይቀይራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ፣ አጥንቱ እንዲቆረጥ ካልሲየሙ ወጥቶ ሲለሰልስ የተፈጠረ ነው።

ጭንቅላቱ እንዳይበሰብስ በ4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ተነክሮ ከቆየ በኋላ በአሲድ ማለስለስ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንቲቦዲው የሚይዘውን ፕሮቲን ይጎዳል፣ የጂኤፍፒንም (አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን) ብርሃን ያደበዝዛል። ጊዜ ቢወስድም ካልሲየምን ይዞ የሚያወጣው 0.5 ሞላር ኤዲቲኤ ይሻላል። ለ1 ሊትር 186.1 ግራም የዳይሶዲየም ዳይሃይድሬት ዱቄት በ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ቢቆይ አያስደንግጥ፤ 20 ግራም ገደማ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ በቀስ ሲጨመርና ፒኤቹ ወደ 8 ሲጠጋ በአንድ ጊዜ ይጠራል። ለአዋቂ አይጥ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ በየ2 ቀኑ እየተቀየረ። መጨረሻ የሚለሰልሰው የፊት ጥርሱ ሥር ስለሆነ በቀጭን መርፌ የሚፈተሸው እሱ ነው። መርፌው ከተንገራገጨ ቢላውም ይንገራገጫል፣ ሽፋኑም ይቀደዳል።

ሁለተኛው ጠላት አየር ነው። ገና በፎርማልዲሃይድ ሲነከር 1 ሚሊ ሊትር ያህል ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ቀዳዳው በዝግታ ይገፋል፤ ግፊቱ ከበረታ ሽፋኑ ከአጥንቱ ይላቀቃል። ከለሰለሰ በኋላ ለመቆረጥ ሲቀዘቅዝ በረዶ እንዳይጎዳው፣ ናሙናው በ30 በመቶ ሱክሮስ (የስኳር ውሃ) እስኪሰምጥ ይቆያል። የማይሰምጥ ከሆነ ውስጡ አረፋ አለ ማለት ነው፣ በቫኪዩም ይውጣ።

ቁርጡ 14 ማይክሮሜትር ይሁን። ፍለጋው ከፊተኛው የአፍንጫ ክፍል፣ የቮሜሮናዛል (ተጨማሪ የማሽተቻ) አካል ቱቦ ከሚከፈትበት አካባቢ ይጀመር፤ ሴሎቹ እዚያ ይበዛሉ። ጠርሙስ መስለው፣ ቀጭኑ አንገታቸው ወደ አየሩ ወጥቶ ይታያሉ።

የቅምሻ መልእክት የሚያስተላልፈው ፕሮቲን ጋስትዱሲን ሴሉን ለመለየት ጥሩ ምልክት ነው። ቲአርፒኤም5ን (በሴል ሽፋን ላይ ያለ የአዮን መተላለፊያ) ብቻ ማመን ግን አደገኛ ነው፤ በማሽተቻው ሽፋን ያሉ ማይክሮቪለስ ሴሎችም አላቸውና። አሴቲልኮሊንን የሚሠራው ኢንዛይም ኮሊን አሲታይልትራንስፌሬዝም እነዚያው ሴሎች ውስጥ ስላለ አይለያቸውም። ለዚህ ኢንዛይም የሚሠራው አንቲቦዲ ብዙውን ጊዜ የፍየል ነው፤ ስለዚህ ያልተፈለገ መጣበቅን የሚከለክለው ማገጃ የአህያ ሴረም ይሁን። የፍየል ሴረም ከተጠቀሙ የመጀመሪያውን የፍየል አንቲቦዲ እንዲይዝ የተሠራው የሚያበራው ሁለተኛ አንቲቦዲ ከሴረሙ ጋር ይጣበቅና መላው ቁርጥ ያበራል።

ለጋስትዱሲንም ሆነ ለቲአርፒኤም5 ከሁሉ የሚጠቅመው ማነጻጸሪያ የኋለኛው ምላስ የቅምሻ ጉብታ ነው። ከአንድ አይጥ ሁለት ቁራጭ ይወሰድ፦ አንዱ በቀጥታ ወደ ሱክሮስ፣ ሌላው ከአፍንጫው ጋር በኤዲቲኤ ይቆይ። ሁለቱም ካበሩ አንቲቦዲው ደህና ነው፤ አፍንጫው ላይ የጠፋው በቦታ ወይም በአረፋ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ብቻ ካበራ ያበላሸው ማለስለሻው ነው። ሁለቱም ከጨለሙ ያኔ አንቲቦዲ መቀየር ተገቢ ነው።

ለቆጠራ በየ5 ቁርጡ አንዱ ይወሰዳል፤ ተከታታዮቹ ከተቆጠሩ ቢላው ለሁለት የከፈለው ሴል ሁለት ጊዜ ይገባል።