ለአባቴ የሰፋሁት ቦክሰርና ያልወሰድኩት ልክ

ከሱቅ የሚገዛው ቦክሰር ሰው ሠራሽ ክር ስለሚበዛበት የአባቴን ብሽሽት በሙቀት ጊዜ እያሳከከ እንደሚያስቸግራቸው ከእናቴ ስሰማ፣ ከጥጥ ጨርቅ ራሴ ልሰፋላቸው ወሰንኩ። የስፌት መኪና አለኝ፤ ቀሚስና መጋረጃም ሰፍቼ አውቃለሁ።

ጨርቁን ከመርካቶ ገዛሁ። ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነ ፖፕሊን፣ 2 ሜትሩ ለሦስት ቦክሰር ይበቃል። ሻጩ ንጹሕ ጥጥ ነው ብሎ ቢምልልኝም ከጠርዙ ክር መዝዤ በክብሪት ለኮስኩት፤ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ሆነ። ፖሊስተር ቢሆን ኖሮ ቀልጦ ይጠጥር ነበር። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚያጥር፣ ከመቁረጤ በፊት በሙቅ ውኃ አጥቤ ተኮስኩት።

የተሳሳትኩት ልኩ ላይ ነው። ሜትር ይዤ «አባባ፣ ወገብዎንና ዳሌዎን ልለካዎት» ማለት አፈርኩ። ስለዚህ አሮጌ ቦክሰራቸውን ተርትሬ ፖፕሊኑ ላይ ዘረጋሁና ዙሪያውን በሳሙና ስባሪ አስምሬ ቆረጥኩ። አሮጌው ግን እንደ ካናቴራ የሚለጠጥ ጨርቅ ነበር፤ ፖፕሊን አይለጠጥም። ይህን እያወቅሁ ማለፌ እስካሁን ይቆጨኛል።

አባቴ አዲሱን ቦክሰር ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሱት በስቅለት ዕለት፣ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲሄዱ ነው። ስግደት ወገብን አጥፎ፣ ጉልበትን አንበርክኮ፣ ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስለሆነ የኋላውን ጨርቅ ወደ ላይም ወደ ታችም ይስበዋል። ማታ እናቴ ቦክሰሩን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። የኋላው ስፌት ከእግር መሃል ወደ ላይ 7 ሳንቲሜትር ያህል ተተርትሯል። አባቴ ግን የተተረተረው ጠርዝ እያሻቸው እስከ መጨረሻው ሰግደዋል፤ ለእኔም አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በማግስቱ በሰፈራችን ለሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ አሳየሁት። ገልብጦ እንኳ ሳያየው «ጠቦ ነው፤ አስፊው» አለኝ። እኔም አምኜው በየጎኑ 3 ሳንቲሜትር ጨምሬ ሁለተኛውን ሰፋሁ፤ አባቴ የጫማቸውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲሉ እዚያው ቦታ ላይ ተተረተረ። ብርሃን ላይ ይዤ በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የመርፌው ቀዳዳዎች ወደ ጎን አልተከፈቱም፤ በስፌቱ አቅጣጫ ረዝመዋል፣ ክሩም በየቦታው ብጥስጥስ ብሏል። ቦክሰሩ ቢጠብ ኖሮ ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ይከፈቱ ነበር፤ እንደዚያ የረዘሙት ግን ከወገብ እስከ እግር መሃል ያለው ስላጠረ ነው። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አለመስጠቱ ዛሬም ያናድደኛል።

ትክክለኛው ልክ የሚወሰደው ሰውየው በጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ በጎኑ በኩል ከወገቡ እስከ ወንበሩ ድረስ ነው። እናቴ ለክታ ከጓዳ «29» ብላ ጮኸችልኝ፤ እኔ ከአሮጌው ላይ የቀዳሁት 25 ነበር። በ29 ላይ 3 ሳንቲሜትር ለእንቅስቃሴ ጨመርኩ፣ የኋላውን ወገብ ከፊቱ በ4 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጌ ቆረጥኩ፣ የእግር መሃሉን ስፌት ደግሞ ሁለት ጊዜ መታሁት። ቁመቱን ሳያስተካክሉ ወርድ መጨመር ጨርቅ ማባከን ነው።

ላስቲኩን ከወገቡ ልክ 8 ወይም 10 ሳንቲሜትር አሳንሰሽ ቁረጪ የሚሉኝን ግን አልሰማም። ዕድሜው ለገፋ ሰው 4 ይበቃል፤ ሆድ ላይ ሰምበር የሚያወጣ ቦክሰር ከሱቁ በምን ይሻላል?

ከዚያ ወዲህ የሰፋኋቸውን አራት ቦክሰሮች አባቴ እየቀያየሩ ይለብሳሉ፤ ፍልሰታን ሙሉ ሰግደውባቸው አንዱም አልተተረተረም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ታላቅ ወንድማቸውን ራሳቸው ወንበር ላይ አስቀምጠው ለክተው፣ «31» ብለው በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በእናቴ በኩል ላኩልኝ።