የካሜራውን ሰዓት ማንም አልጠየቀም

ግድያ ምርመራ ላይ የተመደበ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «48 ሰዓት» ነው። በሁለት ቀን ተጠርጣሪ ካልተያዘ መዝገቡ ይቀዘቅዛል ይሉታል። እኔም አምኜ ሰው ሳሳድድ፣ ዳግም የማይገኝ ማስረጃ ከእጄ አመለጠ። ያኔ የሚያስጠነቅቀኝ አላገኘሁም።

ሟቹ ወጣት ነው። በስለት ተወግቶ ደጃፉ ላይ ወድቆ የተገኘው ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ደህና ሄደ። ቦታውን አጠርን፣ ፎቶ አነሳን፣ ምስክሮችን ለያይተን ቃላቸውን ተቀበልን። የሟቹን እጆች በወረቀት ከረጢት ሸፈንን፤ ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ዘረመሉን ያበላሻል። ሐኪሙ የአስከሬኑን ሙቀትና መድረቅ አይቶ፣ የሞተው ከምሽቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም አለ። ሐኪም ይህን ግምት እንዲያጠብልህ አትወትውተው። አስከሬን በሰዓት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል ቢባልም፣ ልብሱ፣ ነፋሱ፣ የሰውየው ውፍረት ሁሉ ስሌቱን ያዛባዋል።

የተበላሸው ካሜራው ላይ ነው።

ከቤቱ ትይዩ ያለው ሕንፃ መንገዱን የሚያይ ካሜራ ነበረው። ጎህ ሲቀድ ልሄድ ስነሳ አለቃዬ «ደብዳቤ ይቅደም» አለኝ። ደንቡም እንዲያ ነው የሚለው። ደብዳቤው ፊርማ ፍለጋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ሦስት ቀን አለፈ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። እኔም ብሆን ዝም ብዬ አልጠበቅኩም፤ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ የነበረ አንድ ሰው ሳሳድድ ሰነበትኩ። በየሰዓቱ «ያዝከው?» እባላለሁ። ደብዳቤው ሲደርስ ባልደረባዬን ላክሁት። የሕንፃው ጠባቂ በተጻፈለት መሠረት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያለውን ቀድቶ ሰጠው። አራት ጊዜ አየሁት። ነዋሪዎች ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ ሌላ ነገር የለም። «በካሜራው የተለየ ነገር አልታየም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

በ11ኛው ቀን የጎረቤቲቱን ቃል ደግሜ ሳነብ ደነገጥኩ። ቤቷ የገባችው ከምሽቱ 2፡10 ነው፤ በር ላይ ሆና የደወለችው ጥሪም ይህንኑ ያሳያል። ቀረጻው ላይ ግን ስትገባ 4፡25 ይላል። የመሣሪያው ሰዓት ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀድማል ማለት ነው። አራት ጊዜ ያየሁት ሟቹ ገና በሕይወት የነበረበትን ምሽት ኖሯል።

እየሮጥኩ ሄድኩ። መሣሪያው የሚይዘው የ7 ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ሌሊት ቀረጻ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል። ጠባቂው አዝኖ፣ «ሰዓቱ እኮ ድሮም ይቀድማል፤ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ።

ያሳደድኩት ሰው ያን ሌሊት ሥራ ላይ እንደነበር ተረጋገጠ። ከሟቹ ጥፍር ሥር የሌላ ወንድ ዘረመል ተገኝቷል፤ እስከ ዛሬ ከማንም ጋር አልገጠመም። የዘረመሉ ባለቤት በዚያ ካሜራ ፊት ሳያልፍ አይቀርም።

ስለዚህ ደንቡ ምንም ይበል፣ መጀመሪያ ራስህ ሂድ። ቀረጻው እንዳይጠፋ ባለቤቱን ለምነህ አስቆመው፤ ደብዳቤው ይከተልሃል። የመሣሪያውን ሰዓት ከስልክህ ሰዓት ጋር በአንድ ፎቶ አንሳ። የቀኑን ሙሉ ቀረጻ ውሰድ እንጂ ሁለት ሰዓት ቆርጠህ አትጠይቅ። የሸሸ ሰው ከዓመት በኋላም ይያዛል። ተኳሽ እጅ ላይ ያለ የባሩድ ብናኝ ግን በጥቂት ሰዓታት ይረግፋል፣ የምስክር ትዝታም ከጎረቤት ወሬ ጋር ይደባለቃል። አለቃህ ስለ ተጠርጣሪው ሲጠይቅህ፣ ነገ የማይገኘው ማስረጃ የቱ እንደሆነ ንገረው። ይቆጣ።

የሟቹ እናት በመጀመሪያው ሳምንት በደወሉ ቁጥር «ልጄ፣ ካሜራው ምን አለ?» ይሉኝ ነበር። ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያም፣ አለቃዬ ተወው ቢለኝም፣ «የተለየ ነገር አልታየም» ካልኩበት ገጽ ሥር የሰዓቱን ልዩነት ጽፌ ስሜን አኖርኩበት።