የእነሱ ፋሲካ ዊትቢ ላይ

ሆቴል ብንይዝ ኖሮ እማዬ አትመጣም ነበር።

2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ለፈረንጆቹ ፋሲካ 2 ሳምንት ሊዘጋ ነው፣ እኛ ገና የሁዳዴ 3ኛ ሳምንት ላይ ነን፣ ባለቤቴ ደግሞ ከገና ጀምሮ ባሕር፣ ባሕር ሲል ከርሟል። እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። "እዚያ የጾም የሚሠራልኝ ማን ነው?" እውነቷን ነው። የሆቴል ቁርስ እንቁላልና ቋሊማ ነው፣ ራቱም ቅቤ ያልነካው አይገኝም። እሷ እስከ 9 ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም፣ ከዚያ በኋላም የምታምነው የራሷን እጅ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት ያለው ቤት ፈለግን። ኮቴጅ ይሉታል እዚህ እንግሊዝ። ቤቱን ለሳምንት ትከራያለህ፣ ራስህ ታበስላለህ፣ ራስህ ታጥባለህ፣ ስትወጣ ቆሻሻውን አውጥተህ ቁልፉን ትመልሳለህ። በቃ።

የመረጥነው ዊትቢን ነው፣ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ። ከምንኖርበት ከሊድስ በመኪና ወደ 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከፒከሪንግ ካለፉ በኋላ መንገዱ ዛፍ የሌለበት ቡናማ ደጋ ላይ ይወጣና ድንገት ባሕሩ ከፊት ይመጣል። ከተማዋን የኤስክ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። የኛ ቤት በምሥራቁ በኩል ነበር፣ በአሮጌው ሰፈር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ። ድሮ የዓሣ አጥማጆች ቤት የነበረ ነው። ጣሪያው ቀይ ሸክላ፣ ደረጃው ቀጥ ያለ፣ ወጥ ቤቱ ሁለት ሴት ከቆመችበት የሚሞላ። በሩ ላይ ቁጥር የሚመታበት ትንሽ የቁልፍ ሳጥን አለ። አከራዩን በአካል አላየነውም፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ቅርጫት ትቶልን ነበር። ወተት፣ ቅቤ፣ ብስኩት፣ ሻይ ቅጠል፣ ለልጆቹ ደግሞ 2 ትልልቅ የቸኮሌት እንቁላል። ደግ ሰው ነው። ከሁሉም ውስጥ ለእኛ የሆነው ሻዩ ብቻ ነበር፣ ደግነቱ ግን ደርሶናል።

እኛም ባዶ እጃችንን አልሄድንም። 40 እንጀራ በጨርቅ ጠቅልለን፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ቡና፣ ጀበናዋ በልጄ ሹራብ ተጠቅልላ። ብዙ ሰው ለእረፍት ሄዶ ማብሰል ምን እረፍት ነው ይላል። እኔም እል ነበር። ግን የጾመኛ ቤት ስትሆን የሚያደክመው ማብሰሉ አይደለም። በየምግብ ቤቱ እየገቡ ይሄ ወተት አለው፣ ያኛው ቅቤ አለው እያሉ መጠየቁ ነው የሚያደክመው፣ ልጅህ አጠገብህ ቆሞ ሲጠብቅ።

ትልቁ ልጄ 12 ዓመቱ ነበር፣ ሁዳዴን ሲጾም የመጀመሪያው። ቅዳሜ ወደቡ ላይ ወጣን። ዊትቢ በጥብስ ዓሣና ድንች የታወቀች ናት፣ ሰልፉ መንገዱን ይዞታል፣ ሽታው ሆድ ያላውሳል። እማዬ በጾም ዓሣ አትቀምስም፣ ልጄም እንደሷ ነው፣ ግን ድንቹን እበላለሁ ብሎ ተሰለፈ። ተራው ሊደርስ ሲል ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አነበበ። የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው። ዮርክሻየር ውስጥ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው፣ ልማዳቸው ነው። ምንም አላለም። ዝም ብሎ ከሰልፉ ወጣ። ትንሿ እህቱና አባቷ በወረቀት ጠቅልለው ሲበሉ እሱ ፊቱን ወደ ጀልባዎቹ አዞረ፣ እኔ ደግሞ አንጀቴ ተላወሰ። ቤት ገብተን ድንች ልጬ በሱፍ ዘይት ጠበስኩለት፣ ጨውና በርበሬ ነስንሼ። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ እየበላ "ከነሱ ይሻላል" አለኝ። ይሻል አይሻል አላውቅም። ያቺን ጠባብ ወጥ ቤት ግን የወደድኳት ያን ጊዜ ነው።

ቡናው ሌላ ታሪክ ነው። ገና ቆልቼ ሳልጨርስ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ አላርም ጮኸ። ሩጬ መጥበሻውን ይዤ ወደ ቅያሱ ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አጨስኩት። ጎረቤት ያሉ አንዲት አሮጊት በር ከፍተው ወጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። ሽታው ምንድን ነው አሉኝ። ሲኒ አቀበልኳቸው፣ ከእማዬ ጋር በምልክት እየተግባቡ ሦስተኛውን ድረስ ጠጡ። ልጅ ሆነው ቅያሱ ሁልጊዜ የዓሣ ጭስ ይሸት እንደነበር ነገሩኝ። አሁንም ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ሄንሪየታ ጎዳና ላይ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1872 ጀምሮ ዓሣ በጭስ የሚያደርቅ ቤት አለ። ቅያሱ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ግን እሳቸውና ሌላ አንድ ቤት ብቻ ናቸው። የቀረው በሩ ላይ የቁልፍ ሳጥን አለው። ክረምት ላይ ማታ መስኮቶቹ ሁሉ ጨለማ ናቸው አሉ።

ይሄ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ሰኔ ላይ የዊትቢ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ነበር፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ ይሸጥ ብለው። ድምፅ ከሰጡት ከ10 ሰው ከ9 በላይ ደግፎታል፣ ማንንም የሚያስገድድ ሕግ ባይሆንም። የተወለዱበት ከተማ ቤት መግዛትም መከራየትም ያቃታቸው ልጆች አሏቸው። እኔ ደግሞ ለእናቴና ለልጄ የምወደውን ሳምንት ያገኘሁት ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ለማቅለል ሌላውን መደበቅ አልፈልግም። ቢያንስ ሽንኩርቱንም ዳቦውንም እዚያው ሰፈር ካለ ሱቅ ነው የገዛነው።

እሑድ የእነሱ ፋሲካ ነበር፣ ለእኛ መጋቢት 22፣ መፃጉዕ። ከቅያሱ ወጥተን ወደ ገዳሙ ፍርስራሽ የሚያወጡትን 199 ደረጃዎች ጀመርን። እማዬ በእያንዳንዱ ማረፊያ ቆመች፣ ድሮ አስከሬን የሚሸከሙ ሰዎች የሚያርፉባቸው ናቸው። ላይ ላይ ነፋሱ ነጠላዋን ሊወስደው ደረሰ። ጣሪያ የሌለው ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፣ መስኮቶቹ ሰማይ ብቻ ናቸው። የቆመው ኋላ የተሠራው ነው፣ ገዳሙ እንደ ፈረንጆቹ በ1539 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ተዘጋ። የመጀመሪያው ግን በ657 ነው የተተከለው፣ እመምኔቷም ሂልዳ የምትባል ሴት ነበረች፣ ወንዱንም ሴቱንም መነኩሴ የምታስተዳድር። ኬድሞን የሚባል ማንበብ የማያውቅ የከብት ጠባቂ በሕልሙ ዘምር ተብሎ መዝሙር የተሰጠው እዚህ ነው። ይሄን ስነግራት እማዬ "እንደ ቅዱስ ያሬድ በሉኝ" አለች፣ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ።

ያን ቀን ልነግራት የፈለግሁት ግን ሌላ ነበር። በ664 እዚህ ኮረብታ ላይ ጉባኤ ተደርጓል፣ ፋሲካ መቼ ይዋል ተብሎ። ንጉሡ ኦስዊዩ የአየርላንድ መነኮሳትን ቀመር ይከተላል፣ ንግሥቲቱ ኤንፍሌድ ደግሞ ያደገችበትን የሮምን። ቢድ የሚባለው መነኩሴ እንደጻፈው አንዳንድ ዓመት ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ፋሲካ ሲያከብር ንግሥቲቱና ሰዎቿ ገና ጾም ላይ፣ ሆሳዕናን ያከብሩ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ! በጉባኤው ኮልማን ለአየርላንዶቹ፣ ዊልፍሪድ ለሮም ተከራከሩ። በመጨረሻ ንጉሡ የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ የተሰጠው ለጴጥሮስ ከሆነ እኔ ከበረኛው ጋር አልጣላም ብሎ ለሮም ፈረደ። እኛ በባሕረ ሐሳብ ስንቆጥር የኖርነውን ነገር፣ እዚህ የዓለም ጥግ ላይ ሰዎች እንዲህ ተጨንቀውበታል።

እማዬ ጉባኤውን ትታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ታዲያ ንግሥቲቱ ምን በላች?"

ማንም አልጻፈውም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያን ወጥ ቤት ነው የማስበው። በአንድ በኩል የንጉሡ ሥጋ ሲጠበስ፣ በሌላ በኩል አንዷ ሠራተኛ ለንግሥቲቱ የጾሙን ለብቻ ስታበስል፣ ድስቶቹ እንዳይነካኩ ስትጠነቀቅ። እኛ ቤት እኮ በየዓመቱ ይሄው ነው።

በዚያው ቀን ደግሞ ሰዓት ወደፊት ዞሮ ነበር። ወርደን ቤት ስንገባ ሰዓቱ 9 ይላል፣ ሽሮውን ላሞቅ ተነሳሁ። እማዬ ቁጭ በይ አለችኝ። "ሰዓቱን እነሱ አዞሩት፣ ፀሐይዋን ማን አዞራት?" 10 እስኪል ጠበቀች። ልጄም አብሯት ጠበቀ። የሱ የቸኮሌት እንቁላል ሊድስ ድረስ መጥቶ ቁም ሳጥን ላይ እስከ ሚያዝያ 27 ቆየ።

አሁን 2018 ነው፣ ያንኑ ቤት ዘንድሮም ይዣለሁ። የፈረንጆቹ ፋሲካ መጋቢት 27 ይውላል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የጠየቅሁት። አከራዩ ዋናውን ቀን ሳታዩ ለምን ትሄዳላችሁ፣ እሑድን ጨምሩ፣ ዋጋ አልጨምርም ብሎ ጻፈልኝ። አመሰገንኩት። እሑድ ለኛ ሆሳዕና ነው፣ እናቴ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መገኘት አለባት፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ዘንባባ ታስራለች ብዬ መለስኩለት።