ሬጅመንቱን አገኘሁ፣ ሻለቃውን ሳትኩ

የአማቴን አያት የጦር ሜዳ ታሪክ ለመፈለግ ስነሳ የአንድ ወር ሥራ መስሎኝ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ወር ያነበብኩት የሌላ ሰው ጦርነት ነው። ቀደም ብሎ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ ነው ይህን የምጽፈው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው ግላስጎው ነው፤ ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት። አባቷ ሰማንያ አልፏቸዋል። አያታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ካሜሮንያንስ ይባል ከነበረው የስኮትላንድ እግረኛ ሬጅመንት ጋር መዝመታቸውን ያውቃሉ፤ የት እንደዋሉ ግን አያውቁም። ስለ ሬጅመንቱ ማንበብ ስጀምር ከተዋጋባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ «አቢሲኒያ» የሚል አገኘሁ። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው ከ26ኛው ሬጅመንት የተወረሰ ነው። ክው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ፍለጋው የአማቴ ብቻ አልነበረም።

ያነበብኳቸው መመሪያዎች «ከግል ማህደሩ ጀምር» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወታደሮቹ ማህደር በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ተቃጥሏል። የእኛም አልተገኘም። ለወታደሩ የተገባው ሜዳሊያ ከተመዘገበበት ከሜዳሊያ ካርዱ ጀምሩ።

ጣጣዬ የመጣው ግን ከካርዱ ነው። ትንሽ ካርድ ናት፤ ስም፣ ቁጥር፣ ሬጅመንት፣ ከታች ደግሞ በእጅ የተጻፈ «2ቢ» እና የሰኔ 1915 ቀን። «2ቢ»ን ሳይ «ሁለተኛ ባታሊዮን»፣ ማለትም ሁለተኛ ሻለቃ፣ ብዬ አነበብኩት። ስሙን የማልጠራው መስሪያ ቤት ሄጄ ለባለሙያው አሳየሁት። ቀና ብሎ እንኳ በደንብ ሳያይ «አዎ፣ 2ኛው ሻለቃ» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የባሰ የሚያናድደኝ ግን እኔው ነኝ፤ ደግሜ አልጠየቅኩም።

ለኛ ሰው ሻለቃ ማለት አብሮ የሚዘምት ጦር ነው፤ ኮሪያ የሄደውን ቃኘው ሻለቃን ያስባል። የስኮትላንድ ሬጅመንት ግን የቤተሰብ ስም እንደማለት ነው፤ ልጆቹ ሻለቆቹ ናቸው፣ እያንዳንዱም ለየብቻው ይዘምታል። በካሜሮንያንስ 1ኛና 2ኛው መደበኛ ጦር ነበሩ። 3ኛና 4ኛው ተጠባባቂ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ የክልል ጦር የሚባሉት፣ ሰላም ሲሆን ሥራቸውን እየሠሩ የሚሠለጥኑ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ከ9ኛው ጀምሮ ያሉት ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ በበጎ ፈቃደኞች የተቋቋሙ ናቸው። ሬጅመንቱን ብቻ ማወቅ ምንም ማወቅ አይደለም።

እኔ የ2ኛውን ሻለቃ የውሎ መዝገብ ገጽ በገጽ አነበብኩ። አማቴን ይዤ ቤልጂየም፣ ኢፕር ድረስ ሄድኩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሜዳው ላይ ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ፎቶ አነሳኋቸው። አያታቸው በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበሩም።

ስህተቴን ያገኘችልኝ አንዲት ጡረተኛ ጎረቤታችን ናት። ካርዱን አየችና «ይሄ የሻለቃ ቁጥር አይደለም፤ የጦር ግንባር ኮድ ነው። 2ቢ ቱርክ ያለው ጋሊፖሊ ነው» አለችኝ። ቁጥሩንም አሳየችኝ። ባለ ስድስት አሃዝ ነበር። በ1917 እንዲህ ያለ አዲስ ቁጥር የተሰጣቸው የክልል ጦሮቹ ናቸው፤ ለየሻለቃውም የራሱ ተራ ቁጥር ነበረው። የእኛ ሰው ከ8ኛው ሻለቃ ሆነው ተገኙ። ስምንት ወር ሙሉ ቁጥሩ ዓይኔ ሥር ነበር።

8ኛው ሻለቃ ሰኔ 28 ቀን 1915 ጋሊፖሊ ውስጥ ጋሊ ራቪን በሚባል ሸለቆ አጠገብ በቂ የመድፍ ድጋፍ ሳይሰጠው ወደ ቱርክ ምሽግ ተነዳ። በደቂቃዎች ውስጥ ረገፈ። የብርጌዱ አዛዥ ስኮት-ሞንክሪፍም እዚያው ሞቱ። የተረፈው ከማነሱ የተነሳ ከ7ኛው ሻለቃ ጋር ለጊዜው ተቀላቀለ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የውሎ መዝገብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስም የሚጠራው መኮንን ነው። ተራ ወታደሩ በቁጥር ነው የሚያልፈው። የሰውዬውን ስም እዚያ አትጠብቁ።

ለአማቴ መናገር ከበደኝ። ሁለት ሳምንት አመነታሁና አንድ እሁድ ሻይ እየጠጣን ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። ጋሊፖሊ በበጋ እንዴት እንደነበር፣ ሙቀቱን፣ ሬሳውን፣ ምግብ ላይ የሚሰፍረውን የዝንብ መንጋ ስተርክላቸው እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ።

«አያቴ ዝንብ ካየ» አሉ፣ «ሳህኑን ገፍቶ ይነሳ ነበር። ልጅ ሆነን እንስቅበት ነበር።»